ዕጣን ለመድኃኒትነቱ ይመርመር

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለየትኛው የንግድ ዕቃ ይስማማል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለኢትዮጵያ ዕጣን ነው ብሎ መመለስ ስሕተት አይሆንም። ዕጣን በቤተ ክርስቲያን በጽና ይጤሳል፤ በየቤቱ ቡና ሲፈላ በማጨሻው ፍም ላይ ይጨመራል፤ ራሱን ያመመው ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ይታጠነዋል። ይህን ያህል ከሰው ኑሮ ጋር የተዋሐደ ዕቃ ሲሆን፣ ሕመምን ያስታግሣል የሚባለው ነገር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ በገበያው ውስጥ እምብዛም አይጠየቅም። ነጋዴው የሚጠይቀው «ነጭ ነው ወይስ የጠቆረ? ጠጠሩ ትልቅ ነው ወይስ ደቃቅ? ቅርፊትና አቧራ አልበዛበትም ወይ?» ብሎ ነው። ዋጋውም የሚቈረጠው በዚሁ መልስ ነው።

ይህ አጠያየቅ ዕጣን ለማጨሻና ለሽቶ ብቻ በሚፈለግበት ገበያ በቂ ነበር። ዛሬ ግን ገዢዎች ሁለት ዓይነት ሆነዋል። የመጀመሪያው ገዢ እንደ ቀድሞው ስለ መልኩ፣ ስለ ጠጠሩና ስለ ንጽሕናው ይጠይቃል። ሁለተኛው መድኃኒትና የጤና ማሟያ የሚሠራ ፋብሪካ ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው። ዛፉ ከየትኛው ዝርያ ነው? ሙጫው በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር ተለቀመ? በውስጡ ያለው የቦስዌሊክ አሲድ ከመቶ ስንት ነው? እርሳስና እርሱን የመሳሰለ ጎጂ ማዕድን፣ ሻጋታም ቢሆን ተመርምሮበታል ወይ? ለመጀመሪያው ገዢ የመጋዘን ኃላፊ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ መልስ ሊሰጠው ይችላል። ለሁለተኛው መልስ ለመስጠት ግን ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። መልስ ያላገኘ ገዢ ደግሞ ፊቱን ወደ ሌላ አገር ነጋዴ ያዞራል።

ከትግራይ፣ ከመተማና ከቋራ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ቆላዎች የሚወጣው ዕጣን የሚገኘው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚባለው ዛፍ ነው። ስሙ እንደ ወረቀት እየተላጠ ከሚወርደው ቅርፊቱ የመጣ ነው። በሕንድ አገር ደግሞ ቦስዌሊያ ሴራታ የሚባል ዘመዱ ይበቅላል። የሕንድ የጥንት ሐኪሞች የዚህን ዛፍ ሙጫ ለቁርጥማትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ያዝዙት ነበር። የሁለቱ ዛፎች ታሪክ እስከዚህ ድረስ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ በሕዝብ ዘንድ የታመኑ ናቸውና። መንገዳቸው የተለያየው የሕንዱ ሙጫ ለፈተና በቀረበ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል። እብጠትን የሚያስታግሥ መድኃኒት ሲፈለግ፣ ከ1962 ወዲህ እጅግ የተለመደው ዘዴ ካራጂናን የተባለውን ከባሕር ውስጥ አረም የሚወጣ ንጥረ ነገር በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ በመርፌ መስጠት ነው። መዳፉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያብጣል። አይጦቹም በቡድን ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን የሚፈተነው ተክል ጭማቂ፣ ሁለተኛው የታወቀ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው ምንም መድኃኒት አይሰጠውም። ከዚያ በኋላ የሦስቱ እብጠት ተለክቶ ይነጻጸራል። ለሕመም ደግሞ አይጧ በሞቀ ሳህን ላይ ቆማ እግሯን እስክታነሣ ወይም እስክትልስ ድረስ ያለው ጊዜ በሰከንድ ይቈጠራል። በሕንድ የጃሙ ከተማ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የሆኑት ሲንግና አታል የአገራቸውን ሙጫ እንዲህ ባለ መንገድ መርምረው፣ እብጠትን የመቀነስ ኃይል እንዳለው በ1986 አሳተሙ።

ቀጥሎም ምክንያቱ ተፈለገ። በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሳፋይሂ፣ አሞንና ባልደረቦቻቸው በ1992 ባወጡት ጥናት፣ በሙጫው ውስጥ ያሉት ቦስዌሊክ አሲዶች በሰውነት ውስጥ ብግነትን የሚያባብሱትን ሉኮትሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠራውን ኤንዛይም እንደሚገቱ አሳዩ። ይህ ሥራ ለንግድም ታላቅ ለውጥ አመጣ። ከዚያ ቀደም ገዢው የሚገዛው «የቁርጥማት ሙጫ» የሚል ስም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙ የታወቀ፣ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ንጥረ ነገር መግዛት ቻለ። ሊለካ የሚችል ነገር ደግሞ በውል ላይ ሊጻፍ፣ ሲጎድል ሊከሰስበት፣ ሲበልጥም ዋጋ ሊጨመርበት ይችላል።

በመጨረሻ ፈተናው ወደ ሰው ተሸጋገረ። በ2003 በታተመ ጥናት በሕንድ የናግፑር ከተማ 30 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምተኞች ተመረመሩ። በ2008 ደግሞ ከቦስዌሊክ አሲዶች ዋነኛው ከመቶ 30 እንዲሆን ተደርጎ የተጣራ ጭማቂ በ75 ሰዎች ላይ ለ90 ቀናት ተፈተነ። በእነዚህ ፈተናዎች ለአንዳንዱ ሕመምተኛ መድኃኒቱ፣ ለሌላው መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን ኃይል የሌለው ክኒን ይሰጣል፤ ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ሐኪሙም ሆነ ሕመምተኛው አያውቅም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ሕመም በራሱ ጊዜ የሚነሣና የሚበርድ ስለ ሆነ፣ ሰውም መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ ሲያምን የሚሻለው ስለ ሆነ ነው። ኮክሬን የተባለው ማኅበር በ2014 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ከ100 በሚለካ የሕመም መለኪያ ኃይል የሌለውን ክኒን የወሰዱት ሰዎች ሕመም ከ90 ቀን በኋላ 40 ሲሆን፣ የተጣራውን የሕንድ ዕጣን የወሰዱት 23 ሆኖ ተገኝቷል። የተፈተኑት ሰዎች ቁጥር ጥቂት ስለ ሆነ ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን ከወሬ የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ በንግዱ ላይ ታይቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ የሕንዱን ዕጣን በስሙ መዝግቦ፣ በውስጡ ከሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ቦስዌሊክ አሲዶች እያንዳንዳቸው ከመቶ 1 እንዳያንሱ ደንብ አውጥቶለታል። ጭማቂውም በክኒንና በቅባት መልክ ተሠርቶ በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ይሸጣል። በአሜሪካ የሚሸጠው በጤና ማሟያነት እንጂ በመድኃኒትነት ስላልሆነ፣ «ቁርጥማትን ይፈውሳል» ብሎ በማሸጊያው ላይ መጻፍ ሕጉ አይፈቅድም። ያም ሆኖ በኩንታል በሚሸጠው ጥሬ ሙጫና በሚሊግራም በሚቈጠረው ክኒን መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን አንድ ላኪ «እንግዲያው የእኔም ዕጣን ተፈትኗል፤ ዘመዱ መስክሮለታል» ሊል ይችል ይሆናል። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ከላይ የተነገሩት የጉልበት ሕመም ፈተናዎች የተደረጉት በሕንዱ ሙጫ ነው። ቦስዌሊክ አሲዶች በፓፒሪፌራ ሙጫ ውስጥም ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ጋር የሚገኙት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ግን ይለያያሉ። ስለዚህ የወንድም ምስክርነት ለወንድም አይበቃም፤ ዕጣኑ በራሱ ስም መፈተን ይገባዋል። የዕጣን ዘይት የሚሸጡና የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ቦስዌሊክ አሲዶች ከባድ ስለ ሆኑ ከእንፋሎት ጋር ተነሥተው ወደ ዘይቱ አይሄዱም ማለት ይቻላል፤ የሚቀሩት በዝቃጩ ውስጥ ነው። እንግዲህ በሙጫው ጭማቂ ላይ የተገኘውን ውጤት በዘይቱ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ ገዢን ማሳሳት ነው። ስለ ጭሱም እንዲሁ ነው። መታጠን የሚያሳርፍ ቢሆን እንኳ፣ ከሚዋጠው ጭማቂ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም።

በምርመራው ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሦስቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው «አባቶቻችን የተጠቀሙበት ነገር ምን ፈተና ያስፈልገዋል?» የሚለው ነው። የአባቶች ልምድ የሚናቅ አይደለም፤ ፈታኙ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግረው እርሱ ነውና። አስፕሪን እንኳ የተገኘው የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ለትኩሳትና ለሕመም ይጠቅማል ከሚል የቆየ ልምድ ተነሥቶ ነው፤ በዚህ ስም ለገበያ የወጣው ግን ከብዙ የኬሚስትሪ ሥራ በኋላ በ1899 ነው። ልምድ ብቻውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት ደግሞ ኮሶን ማስታወስ ይበቃል። ኮሶ በ19ኛው ምዕት ዓመት ወደ አውሮፓ ተልኮ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ገብቶ ነበር። ነገር ግን አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ መጠኑም በእፍኝ እንጂ በልክ የተወሰነ ስላልነበረ አንዱን ሳይሽር፣ ሌላውን ከልክ በላይ ያስጨንቅ ነበር። መጠናቸው የታወቀ፣ ለሆድም የሚቀሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ኮሶ ገበያውን ለቀቀ። የተክሉን ኃይል የካደ የለም፤ ልኩን የወሰነለት ስላልነበረ ተሸነፈ።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ወጪው በነጋዴው፣ ጥቅሙ በባዕድ ይሆናል» የሚል ነው። ይህ ሥጋት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምር ጀመሩ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚዘጉ ባለ ዛጎል ፍጥረታትን ስለሚገድልበት ዘዴ የፓተንት መብት በስሙ ያስመዘገበው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምርመራ ይቅር የሚል ሳይሆን፣ ምርመራው ከውል ጋር ይሁን የሚል ነው። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የዘር ሀብትና የሕዝቡን ዕውቀት ለምርምር መውሰድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና ከሚገኘው ጥቅም ለሕዝቡ እንዲያካፍል ያዛል። እንግዲህ ከውጭ «ለመመራመሪያ አምስት ኪሎ ላክልን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ዕቃውን በስጦታ መልክ አሽጎ መላክ ቸርነት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ላኪው አስቀድሞ ፈቃዱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው መቃወሚያ በአፍ የማይነገር፣ በልብ ግን ያለ ነው፤ «ተመርምሮ አይረባም ቢባልስ?» የሚል። እውነት ነው፤ ፈተና ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ መልስ አይሰጥም። ብዙ ተክል በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጥቶ በሰው ላይ ሳይረዳ ይቀራል፤ ሌላውም ቢረዳ ጉበትን ወይም ኩላሊትን የሚጎዳ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህንን መልስ ከራስ ቤተ ሙከራ መስማት፣ ጭነቱ ከወደብ ተመልሶ ሲመጣ ወይም አንድ በሽተኛ ተጎድቶ ስሙ ሲጠፋ ከመስማት ይሻላል። መልካሙን ውጤት ብቻ አሳትሞ ክፉውን የሚደብቅ ነጋዴ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ በመልካሙም የሚያምነው አያገኝም። ዕጣኑ ለቁርጥማት አይረባም ቢባል እንኳ ለጽና፣ ለቡና ማጨሻና ለሽቶ ያለው ገበያ አይጠፋም። ፈርቶ ባለመጠየቅ የሚተርፍ ነገር የለም።

ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ዛፉ ነው። ዕጣን የሚገኘው በበጋ ወራት የዛፉ ቅርፊት በስለት እየተፋቀ፣ ቁስሉም በየጊዜው እየታደሰ ነው። ከልክ በላይ የተፋቀ ዛፍ የሚያፈራው ዘር የመብቀል ኃይሉ የደከመ ነው፤ የበቀለውንም ቡቃያ ከብት ይበላዋል፤ እሳት ያቃጥለዋል፤ መሬቱም ለእርሻ ይመነጠራል። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተመረመሩት የፓፒሪፌራ ደኖች ከመቶ 75 በላይ የሚሆኑት ተተኪ ወጣት ዛፍ የላቸውም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፈላጊነት ቢጨመርና የዛፉ አያያዝ ባይለወጥ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ ለምርመራው የሚከራከር ነጋዴ በዚያው አንደበቱ ዛፉ የሚያርፍበት ዓመት እንዲኖር፣ የቁስሉ ቁጥር እንዲወሰን፣ ወጣቱ ደን ከከብትና ከእሳት እንዲከለል መከራከር ይኖርበታል። የሚፋቀው ዛፍ ከሌለ የሚመረመር ሙጫ አይኖርም።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ? ላኪዎች ከእያንዳንዱ ኩንታል ጥቂት ብር አዋጥተው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤትና ይህን ከመሳሰሉ ተቋማት ጋር ውል ቢገቡ፣ ለአንድ ቤት የሚከብደው ወጪ ለሁሉም ይቀላል። መጀመሪያ የሚሠራውም ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የመተማው፣ የትግራዩና የቤኒሻንጉሉ ዕጣን ለየብቻው ታሽጎ፣ የተለቀመበት ቦታና ወር ተጽፎበት፣ የአሲዱ መጠን ይለካ። ይህ ሲታወቅ ለአይጥ ፈተና፣ ቀጥሎም ለሰው ፈተና የሚበቃው የትኛው እንደ ሆነ ይለያል። የመጋዘን ሹሞችም የአንዱን ቦታ ዕጣን ከሌላው ጋር ማደባለቅን ይተዉ፤ የተደባለቀ ዕቃ ቢፈተን ውጤቱ የማንም አይሆንምና። ዕጣኑን በመጋዘን ተቀምጠው በእጃቸው የሚለቅሙትና የሚያበጥሩት ሴቶች ለዚህ ሥራ ዋነኛ ረዳቶች ናቸው፤ ልዩነቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ዓይናቸው ነው፤ ዕውቀታቸው ሲፈለግ ደመወዛቸውም ይታሰብ።

የዕጣን ክኒን ወይም ቅባት ከውጭ የሚያስገቡ አስመጪዎች የአሲዱን መጠንና የዝርያውን ስም የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሳይቀበሉ ዕቃ አይረከቡ። ባለሱቅም ዕጣንን ለማጨሻ ይሽጥ እንጂ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ሐኪም አይሁን። ጉልበቷን እያመማት የምትመጣ ደንበኛ «ይህን በጥብጠሽ ጠጪ» ስትባል ታምናለች፤ ምክንያቱም ለዓመታት በርበሬና ስኳር የገዛችው ከዚያው ሰው ነው። ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ነፍሰ ጡር ብትሆን ግን ባለሱቁ የሚያውቀው ነገር የለም። «ሐኪም ጠይቂ» ማለት ከገቢው የሚያጎድለው ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው እምነት ግን ብዙ ነው።

የንግድ ምክር ቤቶች ደግሞ ላኪዎችን፣ ተመራማሪዎችንና ዕጣኑ የሚወጣባቸውን ወረዳዎች ሽማግሌዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የሕንድ ነጋዴዎች ሙጫቸው በታወቀ ስምና በተወሰነ ልክ የሚጠራበት ደረጃ ላይ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከ1986ቱ የአይጥ ፈተና እስከ 2008ቱ የሰው ፈተና ድረስ 22 ዓመት አልፏል። ኢትዮጵያም ዛሬ ብትጀምር ፍሬውን የሚለቅሙት የዛሬዎቹ ነጋዴዎች ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ዕጣን ራሱ ለልጅ የሚቀር ሀብት ነው፤ ዛፉ ዛሬ ተተክሎ ዛሬ ሙጫ አይሰጥም። አባት ለልጁ ዛፉን ከነ ጤናው፣ ሙጫውን ደግሞ ከነ ምስክር ወረቀቱ ቢያወርሰው፣ ልጁ በገበያ ላይ ቆሞ «ነጭ ነው፣ ጠጠሩም ትልቅ ነው» ከማለት ያለፈ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።